መልስ፦ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ቦርዱን ልቀይር ወይ?

ወንድሜ፣ የሁዋዌ ቢቢዩ (የሞባይል ኔትወርክ ጣቢያው ዋና ማቀነባበሪያ ሳጥን) ላይ «አላርም» የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ስላለ ቦርዱን (ሳጥኑ ውስጥ የሚሰካውን የኤሌክትሮኒክስ ካርድ) ልቀይረው ወይ ብለሃል። እባክህ ገና አትንቀለው።

ቀዩ ሳያቋርጥ ከበራ ቦርዱ መቀየር አለበት ማለት ነው። 1 ሰከንድ በርቶ 1 ሰከንድ የሚጠፋ ከሆነ ግን ችግሩ ከእሱ ጋር ከተያያዘ ሌላ ቦርድ ወይም ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ መንስኤውን ፈልግ።

«ራን» የሚለውን አረንጓዴ መብራት አብረህ እየው። በዝግታ፣ 1 ሰከንድ በርቶ 1 ሰከንድ የሚጠፋ ከሆነ ቦርዱ በደህና እየሠራ ነው። ብልጭታው በጣም ከፈጠነ ሶፍትዌር እየጫነ ሊሆን ስለሚችል ታገሠው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አረንጓዴው ሳያቋርጥ በርቶ መቆየቱ ጤና አይደለም፤ ኃይል ገብቷል፣ ቦርዱ ግን ተበላሽቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወደ አርአርዩው (ከአንቴናው ጋር የተገናኘው የሬዲዮ ሳጥን) ሂድ። የሲፒአርአይ (ከቢቢዩው ጋር የሚያገናኘው መስመር) መብራቱ ሳያቋርጥ ቀይ ከበራ የኦፕቲካል ሞጁሉ (የፋይበር ገመዱ የሚሰካበት ብርሃን ላኪና ተቀባይ) ብርሃን እየተቀበለ አይደለም። እኔ አንድ ሳይት ላይ ሞጁል ልቀይር ስል የፋይበሩ ጫፍ ቆሽሾ አገኘሁት፤ በማጽጃ ጠርጌ መልሼ ስሰካው አረንጓዴ ሆነ። ጫፉን ግን በዓይንህ እንዳታይ፤ ሌዘሩ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

የዋናውን ቦርድ ሪሴት ቁልፍ ለሙከራ ብለህ አትጫን። በሳይቱ ሥር ያሉት ሴሎች (ጣቢያው ኔትወርክ የሚሰጥባቸው ክልሎች) ሁሉ ይቋረጣሉ፤ በዚያች ደቂቃ አምቡላንስ የሚጠራ ሰው ሊኖር ይችላል። የግድ ከሆነ አስቀድመህ ለኔትወርክ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ደውል።