መልስ፦ ጦርነት ሲያበቃ የሴቶች ግፍ ለምን ተድበስብሶ ይቀራል?

ሰላም እህቴ። «ጦርነት ካለፈ በኋላ በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ ለምን ተድበስብሶ ይቀራል? በፍርድ ቤት የተጠየቀበትስ አለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የተጠየቀበት አለ። የሩዋንዳን ልንገርሽ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዣን ፖል አካየሱ በ1994 የዘር ጭፍጨፋ ወቅት በሩዋንዳ ታባ የተባለች ወረዳ ከንቲባ ነበር። ጭፍጨፋውን ለመዳኘት ታንዛንያ ውስጥ አሩሻ በተሰየመው ዓለም አቀፍ ችሎት ፊት ሲቀርብ የክስ ወረቀቱ ስለ አስገድዶ መድፈር አንዲት ቃል አልነበረውም። በ1997 አንዲት እናት ለሌላ ጉዳይ ልትመሰክር ቆማ፣ የስድስት ዓመት ልጇን ሦስት ሚሊሻዎች እንደደፈሯት ተናገረች። ከዚያ በፊት ቃሏን የተቀበሉት መርማሪዎች ይህን ጨርሶ አልጠየቋትም! ለጥያቄሽ ዋናው መልስ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ጠያቂ ሲጠፋ ግፉ መዝገብ ላይ አይሰፍርም። በችሎቱ ብቸኛዋ ሴት ዳኛ የነበሩት ናቪ ፒሌይ ጉዳዩን በጥያቄ ገፉበት፤ ክሱም ተሻሻለ። በመስከረም 1998 አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት መፈጸሚያ ሊሆን እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈረደ፤ አካየሱም በቀጣዩ ወር ዕድሜ ልክ ተፈረደበት።

ከፍርዱ ውጪ ያለው ግን ያማል። በአሩሻ የታሰሩት ተከሳሾች የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲያገኙ፣ ተደፍረው ቫይረሱ የተጋባባቸው ብዙ ሴቶች በየመንደራቸው ያለ መድኃኒት ሞተዋል። ከሞት የተረፉ መበለቶችም የባላቸውን ቤትና መሬት የባል ዘመዶች ወስደውት አገኙት። ሴት ልጅ እኩል እንድትወርስ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ1999 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ስንቷ ደጅ ስትጠና ኖራለች።