ፕሮሰሰሩ ተቀየረ፣ ፍጥነቱ ግን አልመጣም

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከተማ የሠርግ ቪዲዮ በማቀናበር የምተዳደር ሰው ነኝ። ቢ450 ማዘርቦርድ ካለው ኮምፒውተሬ ላይ ራይዘን 5 2600ን አንሥቼ በራይዘን 5 5600ኤክስ ተካሁት፤ ሂትሲንኩንና (ሙቀቱን የሚያወጣውን ባለክንፍ ብረት) ፋኑን ግን የቀድሞዎቹን እንዳሉ መልሼ ገጠምኋቸው። የፕሮሰሰርን ፍጥነት በሚለካው ሲኒቤንች አር23 ፕሮግራም ሁሉንም ኮሮች (የፕሮሰሰሩን የሥራ ክፍሎች) ስፈትን ውጤቱ 7,800 ገደማ ነው፤ ሌሎች በዚሁ ፕሮሰሰር 11,000 ያህል ያገኛሉ። በፈተናው ጊዜ ሙቀቱ 95 ዲግሪ ይደርሳል፣ ፍጥነቱም ወደ 3.1 ጊጋኸርዝ ይወርዳል። ሻጩ ራም እንድጨምር መክሮኛል፤ እኔ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ብልሽት አለበት ብዬ ጠርጥሬአለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ሙቀቱንና ፍጥነቱንም አብረው በመጻፍዎ እናመሰግናለን፤ መልሱ ያለው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ውስጥ ነውና። ይህ ፕሮሰሰር በሚገባ ሲቀዘቅዝ ስድስቱም ኮሮቹ በአንድነት እየሠሩ 4.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይቆያሉ። 3.1ን ለ4.4 ሲያካፍሉ 0.7 ያህል ያገኛሉ፤ የ11,000 ሰባ በመቶ ደግሞ 7,700 ነው። ውጤትዎ የወረደው ፍጥነቱ በወረደበት መጠን ስለሆነ የጠፋ ኮር የለም፣ ጉልበቱን የተሻማ ሌላ ፕሮግራምም የለም። ራምም ጥፋተኛ አይደለም፤ ሲኒቤንች በራም ፍጥነት እምብዛም አይነካም። 95 ዲግሪ የዚህ ፕሮሰሰር የሙቀት ጣሪያ ሲሆን፣ እዚያ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን መቀነሱ የጤንነት እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ተርማል ፔስቱን፣ ማለትም ሙቀት እንዲያስተላልፍ በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባውን ቅባት፣ ያድሱ። አሮጌው ፔስት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በሂትሲንኩና በፕሮሰሰሩ መካከል አየር ይገባል፤ አየር ደግሞ ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን፤ እንደ እርስዎ ባሉ ኤኤም4 የተባለ የፕሮሰሰር መሰኪያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ላይ የደረቀ ፔስት ፕሮሰሰሩን ከሂትሲንኩ ጋር ስለሚያጣብቀው፣ በኃይል ወደ ላይ ሲስቡት ተነቅሎ ሊመጣና እግሮቹ ሊጣመሙ ይችላሉ። ኮምፒውተሩን ጥቂት አሠርተው ፔስቱ ሲለሰልስ ያጥፉት፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ ብሎኖቹን ከፈቱ በኋላም ሂትሲንኩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ እያዞሩ ያላቅቁት። ሁለቱንም ገጾች በአልኮል ካጸዱ በኋላ የአተር ፍሬ የሚያህል ፔስት መካከሉ ላይ ያድርጉ፤ አራቱን ብሎኖችም በሰያፍ እያፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ።

የምትኖሩበት ከተማም ድርሻ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም በየዙሩ የሚገፋው አየር ክብደት ስለሚያንስ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሞቃት ወቅት ችግሩ ይብሳል። በውጭ አገር ክፍሎች ለተለካው ውጤት የበቃች ትንሽ ሂትሲንክ ለእናንተ ላትበቃ የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። በፋኑና በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል የተጠራቀመውን አቧራም ያራግፉ።

ሙቀቱ ወርዶ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ በዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን 100 በመቶ መሆኑን ይመልከቱ፤ 99 ቢሆን እንኳ ተጨማሪው ፍጥነት ሊቋረጥ ይችላል። ባዮሱን (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣውን በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ፕሮግራም) ለማደስ ግን አይቸኩሉ። ኮምፒውተሩ በአዲሱ ፕሮሰሰር ከተነሣ ባዮሱ አውቆታል ማለት ነው፤ በእድሳቱ መካከል መብራት ቢጠፋ ደግሞ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ሳይኖር ፈጽሞ አይሞክሩት።

የሻጩ ምክር ለዚህ ችግር መፍትሔ ባይሆንም ለሥራዎ ሊጠቅም ይችላል፤ አሁን ያለዎት ራም አንድ ብቻ ከሆነ ተመሳሳዩን ጨምረው፣ ማዘርቦርዱ አራት የራም ማስገቢያ ካለው፣ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ማስገቢያ ላይ ይሰኩ።

ፔስቱን ካደሱ በኋላ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዘግተው የአሥር ደቂቃውን ፈተና ይድገሙ። ሙቀቱ እንደገና 95 ከነካ፣ ገንዘብዎን ለራም ሳይሆን ለኤኤም4 የሚሆን ረጅምና ባለትልቅ ፋን ሂትሲንክ ያውሉት።