የውሃ ውስጥ ሮቦታችንን ጎንደር የት እንሞክረው? ላልከው
ሰላም ወንድሜ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ካሜራ ያለው የውሃ ውስጥ ሮቦት ሠርታችሁ ጎንደር መሞከሪያ ላብ የለም ብለህ የጻፍከውን አየሁት። እኔም ከጓደኞቼ ጋ እዚሁ ሠርቼ ስለሞከርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

ላብ የለም ብላችሁ እንዳትተዉት በናታችሁ። ብሬመን ያለው የጀርመን የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ምርምር ማዕከል 8 ሜትር ጥልቀት ያለው የጨው ውሃ ገንዳ አለው፣ ካሊፎርኒያ ኤምባሪ የሚባለው የባሕር ምርምር ተቋም ጋ ደግሞ 10 ሜትር፣ ግን እነሱም ገንዳ ውስጥ ጀምረው ዞሮ ዞሮ ባሕር ነው የሚያወርዱት፣ ኖርዌይ የትሮንዳይም ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፊዮርዱ (ወደ መሬት የገባ ጠባብ ባሕር) ደጃቸው ስለሆነ እዛው ይሞክራሉ። እናንተም ጣና ዳር ጎርጎራ አላችሁ፣ 60 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው።

መጀመሪያ ግን ውሃ ሳይነካው በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ሰርኪዩቱ ካለበት ቱቦ አየሩን ሳቡና 15 ደቂቃ የግፊት ጌጁን እዩ፣ ከተንቀሳቀሰ ሊክ አለ፣ የሆነ ቦታ ያስገባል ማለት ነው። ኦሪንጉን (ክዳኑን የሚያሽገውን የጎማ ቀለበት) አውጥታችሁ በጣት ዳስሱት፣ አንዲት ፀጉር ከተኛችበት ውሃ ታስገባለች፣ ጠርጋችሁ ሲሊከን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከዛ በርሜል ውስጥ ሚዛኑን አስተካክሉ፣ ቀጥሎ የሆቴል ዋና ገንዳ ጠዋት ሰው ሳይገባ አስፈቅዱ፣ በባትሪ ብቻ፣ የቤት መብራት ገመድ ገንዳው አጠገብ እንዳይደርስ አደራ።

ጣና ላይ ትልቁ ነገር ጥልቀቱን በግፊት የሚለካው የግፊት ሴንሰሩ ነው። ብዙ ኮድ የአየር ግፊቱን 1013 ሚሊባር ብሎ ነው የሚነሳው፣ ጣና ግን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ እዛ 815 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሮቦቱ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ከውሃው 2 ሜትር በላይ ነኝ ብሎ ያስባል፣ 1 ሜትር ላይ ቁም ስትሉት 3 ሜትር ይወርዳል፣ ጎርጎራ ዳር ላይ ደግሞ እሱ ጭቃ ውስጥ መግባት ነው! በተነሳ ቁጥር ውሃው ላይ ሆኖ ዜሮ እንዲያደርግ ኮዱን ቀይሩት።

ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ከካሜራው ብዙ አትጠብቁ፣ በተለይ ክረምት ወንዞቹ ደለል ሲያመጡ። እምቦጭ ያለበት ዳርቻም አትግቡ፣ ሥሩ ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል። ዋይፋይ ውሃ ውስጥ አያልፍም፣ ገመድ ግዴታ ነው፣ መጎተቻ ሲባጎ ግን ለብቻው እሰሩለት፣ በዳታ ገመዱ ከጎተታችሁት መግቢያው ይላላና ውሃ ይገባል።

ፓምፑ ከሌላችሁ እኔ ጋ አለ፣ ኢንቦክስ አድርግልኝና ፒያሳ ተገናኝተን እሰጥሃለሁ።