ማህፀን ሲወርድና ሽንት ሲያመልጥ፦ ሐኪሞችሽ እርስ በርስ ይነጋገሩ

እህቴ፣ «ማህፀኔ ወርዷል፣ ሳስል ሽንት ያመልጠኛል፣ ሆዴም ይደርቃል፤ የትኛው ሐኪም ዘንድ ልሂድ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ያየሁትን ልጻፍልሽ።

1. ሦስቱን ችግር ነጣጥለሽ ለሦስት ሐኪም አታካፍዪ። ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከሥር ደግፈው የያዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ናቸው፤ ለአንዱ የሚደረገው ሕክምና ሌላውንም ይነካል። የማህፀን ሐኪም፣ የሽንት ቧንቧ ሐኪም፣ የአንጀትና የፊንጢጣ ቀዶ ሐኪም እንዲሁም የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒስት (ጡንቻን በልምምድ የሚያክም ባለሙያ) ተመካክረው የሚያክሙበት ክፍል ካለ እርሱን ፈልጊ። ከሌለ የአንዱ ምርመራ ውጤት በጽሑፍ ለሌላው እንዲደርስ አጥብቀሽ ጠይቂ።

2. ቀዶ ሕክምና ከመቀበልሽ በፊት፣ የወረደው ማህፀን ወደ ቦታው ተመልሶ ተደግፎ ሳለ ፊኛሽ እንደሞላ እያሳልሽ ሽንት ያመልጥሽ እንደሆነ እንድትመረመሪ ጠይቂ። እኔን ብዙ ያስከፈለኝ የዚህ ምርመራ አለመደረግ ነው። የወረደ ማህፀን የሽንት መውጫውን አጥፎ ሊይዘው ስለሚችል ማምለጡ ተሸፍኖ ይቆያል። እኔም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሽንት እምብዛም አያመልጠኝም ነበር፤ ማህፀኔ በቀዶ ሕክምናው ወደ ላይ ተስቦ ከተሰፋ በኋላ ግን በሳቅኩና በተነሣሁ ቁጥር ልብሴ ይርስ ጀመር። ይህን ልናገር ወደ ሆስፒታሉ ስመለስ የተቀበለኝ ባለሙያ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የአንቺ ቀዶ ሕክምና ተሳክቷል፤ ሽንት የእኛ ክፍል ጉዳይ አይደለም» አለኝ። የታከመው ማህፀኔ እንጂ እኔ እንዳልሆንኩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

3. ፊዚዮቴራፒን በወረቀት ብቻ አትቀበዪ። ለእኔም «ጡንቻሽን ጭመቂ» የሚል ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር፤ በትክክል መሥራቴን ያየ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ያገኘኋት ፊዚዮቴራፒስት በጓንት መርምራኝ፣ ጡንቻውን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብን እጇ ላይ እየተሰማት አስተማረችኝ፤ አንዳንዷ ሴት ጡንቻዋ ከመጠን በላይ የተወጠረ ስለሚሆን መጀመሪያ ማላላት እንጂ ማጠንከር እንደማያስፈልጋትም ነገረችኝ። በአንድ ጊዜ ቢያንስ 8 መጭመቅ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር ነው ያዘዘችልኝ። ሆድ ድርቀቱንም ችላ አላለችም፤ ማማጥ የተሰፋውን መልሶ ሊያወርድ ስለሚችል እግሬን ከፍ ባለ ነገር ላይ አሳርፌ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ እንድቀመጥ አሳየችኝ፣ ለአንጀት ሐኪሙም ጻፈችለት። ታስቦልኝ የነበረው ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና የቀረው እነዚህ ባለሙያዎች ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ተቀምጠው ከተነጋገሩ በኋላ ነው፤ ልምምዱን ሳላቋርጥ በመሥራቴም እኮራለሁ።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ የ3 ቀን መዝገብ ይዘሽ ሂጂ፦ ምን ያህል እንደጠጣሽ፣ ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደሸናሽ፣ ምን ስትሠሪ እንዳመለጠሽ ጻፊበት፤ ቅጂውንም ለእያንዳንዱ ሐኪም ስጪ።