መልስ፦ «አንጸባራቂ» እና «ብልጭልጭ» አንድ ናቸው?

ሁለቱን ቃላት እያቀያየሩ መጠቀም ይቻላል ወይ ብለህ ለጠየቅከው፣ ሁልጊዜ አይቻልም።

«አንጸባራቂ» ያረፈበትን ብርሃን መልሶ የሚሰጥ ነገር ነው፤ የተወለወለ ብረት፣ መስታወት፣ የረጋ ውሃ። «ነጸብራቅ»ም ከዚሁ ሥር ነው። ቃሉ ክብር አለው፤ «አንጸባራቂ ድል» እንላለን፣ «ብልጭልጭ ድል» ብሎ የሚያሞግስ ግን የለም።

«ብልጭልጭ» ብርሃኑ ቦግ እልም የሚል ነው። በጥቃቅን ፈርጥ የተሸፈነ ልብስ አስብ፤ የለበሰችው በተንቀሳቀሰች ቁጥር አንዱ ፈርጥ ይበራል፣ ሌላው ይጠፋል። ድግግሞሹ ቃሉ ውስጥም ይሰማል። ላይ ላዩን አምሮ ውስጡ ባዶ ለሆነ ነገርም ስለሚውል፣ የሰው ሥራ ስታደንቅ ባትጠቀምበት ይሻላል።

«አብረቅራቂ» ደግሞ ጠንከር ያለ፣ ዓይን የሚያጭበረብር ነው።

«ወዛም»ን አለመጥቀስህ ግን ቆጨኝ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ለፊትና ለቆዳ የሚሆን፣ ከውስጥ የሚወጣ ለስላሳ ብርሃን ነው፤ ብረት የቱንም ያህል ቢወለወል ወዛም አይባልም። «ወዝ» የድካም ላብም ነው፤ «ወዛደር» የሚለው የመጣው ከዚህ ነው።