ጎረቤትን ለጤና ሠራተኛ መጠቆም አሳልፎ መስጠት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ጅማ ነው። ሰፈራችን ኮሌራ ገብቷል ተብሏል። ግቢያችን የተከራዩ ብቸኛ አረጋዊት እናት ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። «የፍልሰታ ጾመኛ ነኝ፣ ጠበሌ ይበቃኛል» ይላሉ። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ብናገር ከዳኋቸው ማለት ነው? ዝም ብልስ ሕግ ይጠይቀኛል?

መልስ፦ እህታችን፣ አሁኑኑ ይንገሯት። ቤት የሠራ ሰው ከጣራው ማንም እንዳይወድቅ መከታ እንዲያበጅ ታዟል (ዘዳ. 22፥8)። ግቢው የእርስዎ ነው።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በራስም በሌላም ላይ አደጋ ሳያመጡ መርዳት እየተቻለ፣ ሕይወቱ ወይም ጤናው ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው አውቆ መተው ያስቀጣል ይላል። ትውከቱን በባዶ እጅዎ ይጥረጉ አላለም፤ ሰው መጥራትም እርዳታ ነው። «ያዋርዷቸዋል» ብለው ከሆነ የፈሩት፣ በወረርሽኝ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቢታወጅ እንኳ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 እንዳይነኩ ከከለከላቸው መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብት፣ አንቀጽ 25።

ባለሙያ እስኪደርስ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር) ያጠጧቸው። አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ሃይላንድ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነው። ብዙ ሰው «ይጠንክር» ብሎ በብርጭቆ ይበጠብጠዋል፤ ጨውና ስኳሩ ሲበዛ ተቅማጡ ይብሳል። ፓኬት ከጠፋ በአንድ ሊትር 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ሳይከመር። ካስመለሳቸው 10 ደቂቃ ታግሰው በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፉት። የሰውነት ውኃ ማለቁን ለማወቅ ቆዳ ቆንጥጦ ማየት በአረጋውያን ላይ ያሳስታል። ዓይናቸው ከጎደጎደ፣ ሽንት ከቀረ፣ ሰገራው ሩዝ የታጠበበት ውኃ ከመሰለ ግን ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ሰዓት አይባክን።

ጾሙ? የታመመ ሰው አይገደድበትም። ለቁርባን ተዘጋጅተው ከሆነ ውኃ ቀምሰዋልና የዛሬው ይቀርባቸዋል፤ ሲድኑ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመክራሉ።

ጠበሉንም አልነቅፍም። ይሁንና ኤልሳዕ የኢያሪኮን ምንጭ በጨው የፈወሰው ውኃው ክፉ ስለ ነበር ነው (2ኛ ነገ. 2፥19-22)፤ ውኃ ሊበከል እንደሚችል መጽሐፍም ያውቃል። ለመጠጥ የተቀዳው ጠበል ይፍላ፣ ወይም የውኃ ማከሚያ መድኃኒት በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ ገብቶበት 30 ደቂቃ ይቆይ። «ከፈላ በረከቱ ይጠፋል» የሚሉትን አይስሙ። በረከት በእሳት የሚተን አይደለም፣ ተሐዋሲው ነው የሚሞተው።

እኒህ እናት እርስዎን አግኝተዋል። በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩት ነዳያን ግን የሚደውልላቸው አከራይ የላቸውም። ለሰበካ ጉባኤው ይንገሩልኝ፦ አንድ ሰው ተመድቦ ጠዋትና ማታ ይያቸው፣ እጅ መታጠቢያና ሳሙና በሩ ላይ ይቀመጥ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ጣሳም ከጠበሉ ቦታ ይነሣ።