ፉ ኩዎክ ላይ ምን እንብላ? ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። «በጥር ከባለቤቴ ጋር ቬትናም፣ ፉ ኩዎክ ደሴት እንሄዳለን። የአሣማ ሥጋ አንበላም። እሱ ከዓሣ ሌላ የባሕር ነገር ቀምሶ አያውቅም። ምን እንብላ?» ብለሻል። እኔ ከዱባይ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ አንዴ በየካቲት፣ አንዴ በሐምሌ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

ጥር ጥሩ ጊዜ ነው። እዚያ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በሐምሌ ስሄድ በምዕራብ በኩል ያለው ባሕር ተቆጥቶ ጀልባዎቹ ብዙውን ቀን ቆመው ነበር የሚውሉት። በየካቲት ግን ያው ባሕር እንደ ጣና ጸጥ ብሎ ነው ያገኘሁት።

አንድ ነገር ብቻ ብሉ ብባል ሸርጣን ነው የምለው። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ሀም ኒን የሚባል የአሣ አጥማጆች መንደር አለ። ምግብ ቤቶቹ ባሕሩ ላይ በእንጨት ምሰሶ የቆሙ ናቸው፣ ውኃው ከእግርሽ ሥር ይታያል። ሸርጣኑ ከነሕይወቱ ገንዳ ውስጥ ነው። መርጠሽ፣ አስመዝነሽ፣ «ቀቅሉልኝ» ትያለሽ። በቃ። ቅመም የለ፣ ቁሌት የለ። የጠበሱትን ወይም በቺዝ ያለበሱትን አትዘዢ፣ ያ ለቱሪስት ነው።

ጣዕሙ ያለው ማጥቀሻው ላይ ነው። ትንሽ ሳህን ላይ ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ከምረው ግማሽ ሎሚ ጎኑ ያስቀምጡልሻል። ሎሚውን ራስሽ ትጨምቂበታለሽ፣ በቾፕስቲክ ጫፍ ታማስያለሽ፣ ግራጫ ሊጥ የመሰለ ነገር ይሆናል። ከዚያ የሸርጣኑን ጀርባ በአውራ ጣትሽ ፈንቅለሽ ታነሺና እግሩን ጠምዝዘሽ ትነቅያለሽ። ከሥሩ ነጭ ሥጋ ተያይዞ ይወጣል። እሱን ማጥቀሻው ውስጥ ነክረሽ ባልሽን አጉርሺው። እሱም «አልበላም» ካለ እኔ እከፍላለሁ።

ግን ቀምሶ ስለማያውቅ የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ጉርሻ ብቻ ይሁን። ሽሪምፕና ሸርጣን አለርጂ የሚሆንበት ሰው አለ፣ ያንን ደግሞ ሳይቀምስ የሚያውቅ የለም። ከንፈሩ ካበጠ ወይም ሰውነቱን ካሳከከው ያቁም፣ ትንፋሽ ካጠረው ቀጥታ ሐኪም ቤት።

ቬትናሞቹ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን የተያዘ ሸርጣን ባዶ ነው፣ ሥጋ የለውም ይላሉ። እኔ ልዩነቱን አላጣራሁም። እነሱ ግን ከልባቸው ነው የሚሉት፤ ሻጯ ራሷ «ዛሬ ሽሪምፕ ይሻላችኋል» ብላ መልሳናለች።

ሁለተኛው ቡን ኳይ የሚባለው የኑድል ሾርባ ነው። ኳይ ማለት ማማሰል ማለት ነው። ዋናዋ ከተማ ዱኦንግ ዶንግ ውስጥ ይህን የሚሸጡ ቤቶች ሞልተዋል። የሩዝ ኑድሉ እዚያው ተጨምቆ የፈላ ውኃ ውስጥ ይገባል። የተወቀጠ ሽሪምፕና ዓሣ የሳህኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ የፈላ ሾርባ ሲፈስበት እዚያው ይበስላል። አንቺ እስኪመጣ ቁጭ አትዪም። ጥግ ላይ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደሽ ማጥቀሻሽን ታዘጋጃለሽ፦ ጨው፣ ስኳር፣ የተፈጨ ቃሪያ፣ እንደ ብርቱካን ቢጫ የሆነች ትንሽዬ ሎሚ። ወፍራም አረፋማ እስኪሆን ታማስያለሽ። እኔ የመጀመሪያውን ቀን ቃሪያውን በሐበሻ ልብ ሞልቼ ጨምሬ አለቀስኩ። የእነሱ ቃሪያ ትንሽ ናት፣ አትናቂያት።

ጥሬ ነገር ላይስ እንዴት ናችሁ? ቁርጥ የሚበላ ሰው ጎይ ካ ቺክን መፍራት የለበትም። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ አጥንቱ ወጥቶ፣ በሎሚ ታሽቶ፣ ከተፈቀፈቀ ኮኮናትና ከሽንኩርት ጋር ይቀርባል። ከሩዝ በተሠራ እንደ ወረቀት ስስ ቂጣ ላይ ታደርጊዋለሽ፣ ናናና በሶብላ የመሰለ ቅጠል ትጨምሪበታለሽ፣ ትጠቀልያለሽ። ኦቾሎኒ ያለበት ሶስ ውስጥ ነክሮ መጉረስ ነው። ሰው የሚርመሰመስበት ቤት ብቻ ብሉት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ ምሕረት የለውም። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ይቅርብሽ።

አሁን ወደ አሣማው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሐበሻ ሳያውቅ የሚበላው። የባሕር ምግብ ስላዘዝሽ አሣማ የለበትም ማለት አይደለም። ብዙ የኑድል ሾርባ በአሣማ አጥንት ይፈላል። ባን ሴዎ የሚባለው ቢጫ ጥብስ ቂጣ ውስጥ ከሽሪምፑ ጋር የአሣማ ሥጋ ይከቱበታል። ከሁሉም የሚያታልለው ግን ከሰል ላይ የሚጠበሰው የባሕር ጃርትና ዛጎል ነው። ላዩ ላይ የሚያፈሱት በቅጠል ሽንኩርት የጋለ ዘይት አንዳንዱ ቤት የአሣማ ሞራ ነው። «ኮም አን ቲት ሄዎ» በይ፣ የአሣማ ሥጋ አልበላም ማለት ነው። የእኔ አነጋገር ስላልገባቸው ስልኬ ላይ ጽፌ ማሳየት ጀመርኩ፣ ያ ይሻላል። ስለ ሞራውም ለብቻ ጻፊ፣ ለብዙዎቹ ሞራ ሥጋ አይደለም።

ባልሽ «ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይነካኝም» ካለ ደግሞ ሸርጣኑም ስኩዊዱም ይቀራል፣ አታስገድጂው። ካ ሙ የሚባለውን ዓሣ በዝንጅብል በእንፋሎት አሠሩለት፤ ለስለስ ያለ ነው።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ አንድ ቃል ያዢ፦ ቻይ። ከሥጋና ከዓሣ ነጻ ማለት ነው። ቡዲስቶቹ በጨረቃ አቆጣጠር በ1 እና በ15 ቀን ብዙዎቹ ቻይ ስለሚበሉ ራሱን የቻለ ቻይ ቤት አለ። እንቁላል እንዳለው ግን ጠይቂ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም፣ ገና ካሁኑ ኮሜንት ይፈነዳል።) ቻይ ሳትዪ ጎመን ብታዢ ግን የዓሣ ሶስ ሊጨመርበት ይችላል።

ስለ ዓሣ ሶሱ ካነሣሁ፣ ደሴቷ የታወቀችው በእሱ ነው። ንዎክ ማም ይሉታል። በ2012 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በትውልድ ቦታው መዝግቦ ጠብቆለታል። ፋብሪካዎቹ በነጻ ያስጎበኛሉ። ሰው ቆሞ የሚሰጥምባቸው የእንጨት በርሜሎች በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። ውስጣቸው ጣት የምታክል ትንሽ ዓሣና ጨው ብቻ ነው፤ ሦስት እጅ ዓሣ፣ አንድ እጅ ጨው፣ ዓመት ያህል ይቀመጣል። ጠርሙሱ ላይ እንደ 40 ያለ ቁጥር ታያለሽ፣ ሲበዛ ይወፍራል፣ ይወደዳል። ሽታው በር ላይ ይቀበልሻል። ጓደኛዬ አፍንጫዋን ይዛ ስትወጣ ሳቅሁባት፤ ለጋ ያልሆነ ቅቤ የለመደ ሰው ይህን መሸሽ አለበት? አውሮፕላን ላይ ግን ጠርሙሱን ሊከለክሉሽ ይችላሉ፣ ከመግዛትሽ በፊት አየር መንገድሽን ጠይቂ።

የማታ ገበያው ዱኦንግ ዶንግ ነው። አንድ ዙር ለማየትና በኮኮናት የተለበጠ ኦቾሎኒ ለመቅመስ ጥሩ ነው፣ ቅምሻው በነጻ ነው። እራት ግን ተጠንቀቂ። እኔ እዚያ አንድ ቤት ገብቼ ትልልቅ ሽሪምፕ አዘዝኩ። ሜኑው ላይ ያለውን ዋጋ የኪሎ መስሎኝ ነበር። የ100 ግራም ኖሯል። ሂሳቡ አሥር እጥፍ መጣ፣ ተከራከርኩ፣ በትንሹ የተጻፈውን በጣታቸው አሳዩኝ፣ ከፈልኩ። አንቺ ሚዛኑ ላይ እያለ ጠቅላላውን ዋጋ ካልኩሌተር ላይ አስጽፊ፣ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ ይቀቅሉት።

ሩው ሲም የሚባል ከጫካ ፍሬ የሚጠመቅ ሐምራዊ ወይን አለ። ጣፋጭ ነው፣ ብርሌ ብትይዢ ጠጅ ነው የምትዪው። አንድ ብርጭቆ ይበቃል።

ስትመለሱ የምትይዙት ጥቁር ቁንዶ በርበሬ ይሁን። እዚያው ደሴቷ ላይ ይበቅላል፣ እርሻው ላይ ፍሬው ከሐረጉ ሲለቀም ታያላችሁ። እኔ ግማሽ ኪሎ ነበር የገዛሁት። እናቴ መከለሻ ውስጥ ከትታ ወቀጠችውና ሳምንት ሳይሞላ ደውላ «ያ ቁንዶ በርበሬ አለቀ፣ መቼ ነው ደግሞ የምትሄጂው?» አለችኝ።